ግላስ የለበሰው ላንድክሩዘር

የሻረግ ያን ቅዳሜ ጠዋት ለአማቷ ሻይ ቀድታ፣ ስኳር ጨምራ፣ ማማሰያ ማንኪያ ብትፈልግ ማንኪያ የለም። የማንኪያው አለመኖር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ መሳቢያውም የለም። ማታ መሳቢያ የነበረበት የቁምሳጥኑ ሆድ የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው አፍ ወለል ብሎ ይታያል። ሌባ ገብቶ ይሆን ብላ ለአፍታ ደነገጠች። ኋላ ግን ሌባ ቢሆን ኖሮ መሳቢያውን በመፍቻ ፈትቶ፣ የተረፉትን ብሎኖች ሲኒ ውስጥ ሰብስቦ፣ ሲኒውን በማስቀመጫው ከድኖ እንደማይሄድ ገባትና ሻዩን በቢላዋ እጀታ አማስላ ሳሎን ለተቀመጡት ሽማግሌ ሰጠቻቸው። አቶ ገበየሁ ቢላዋውን አዩ፣ ሻዩን አዩ፣ አንድ ጊዜ ፉት አሉ።

«ለባልሽ ንገሪው» አሉ ቀስ ብለው። «ሻይ በቢላዋ ከሚማሰልበት ቤት፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ብገባ ይሻለኛል ብለዋል በይው።»

ባሏ ፀጋው ያን ጊዜ ከመስኮቱ ማዶ ግቢው ውስጥ ነው። ግማሽ ገላውን በመኪናው የኋላ በር አስገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የሻረግ አፏን ሳትከፍት እግሩ መለሰላት።

«ቦታ አለ በያቸው። ግን የሚከፈልበት ነው።»

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። አባትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቀጥታ የሚነጋገሩት ግን ከእግዜር ጋር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በየሻረግ በኩል ያልፋል። ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ጨው ይጨመርለት እንደሆነ ጠይቂው»፣ «ይበቃኛል በያቸው» ሲባባሉ፣ እሷ ጉርሻዋን እንደያዘች አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስትዞር ወጡ ይቀዘቅዛል። የጀመረው ሰኔ ላይ ነው፤ ዳማ የተሸጠ ለት። ዳማ የአቶ ገበየሁ ፈረስ ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ፣ ቀይና አረንጓዴ ጥልፍ ያለውን ግላስ አልብሰውት ላዩ ላይ ሲሰየሙ፣ ከሰባ ዓመታቸው ሠላሳውን መሬት ላይ ጥለውት የወጡ ይመስሉ ነበር። ፀጋው ግን መኪናውን ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ሐራጅ ላይ ገዝቶ፣ ለሶላሩና ለባትሪው ገንዘብ አጠረው። «አባባ፣ ዳማን ብንሸጠውስ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አይተው «ይሁን» አሉ። ፀጋው በዚያ ቃል ውስጥ ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ፈረሱን ይዞ ዳንግላ ወረደ። በሳምንቱ ከዳንግላ የመጣ ሰው፣ ዳማን ጋሪ ሲጎትት አየሁት ብሎ ሽማግሌው ፊት አወራ። ከዚያ ወዲህ አቶ ገበየሁ ለልጃቸው የሚሉት ሁሉ «ለባልሽ ንገሪው» ብሎ ይጀምራል።

መኪናው ደግሞ መኪና ብቻ አይደለም፤ ቤት ነው። እንዲያውም ቀስ በቀስ የየሻረግን ቤት እየሆነ ነው። ፀጋው ሐሳቡን ያገኘው ከስልኩ ነው፤ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ላንድክሩዘር አልጋና ወጥ ቤት አስገብተውበት ከበረሃ በረሃ ሲዞሩበት እያየ እንቅልፉን አጣ። የኋላ ወንበሮቹ ወጡና በቦታቸው የጣውላ አልጋ ገባ፤ አልጋው ፍራሽ ሲያምረው የእንግዳ መኝታው ስፖንጅ በቢላዋ ተቆርጦ ሄደ። መስኮቶቹ መጋረጃ ሲፈልጉ የሳሎኑ ባለ አበባ መጋረጃ ለሁለት ተተረተረ። ባለ ቧንቧው ጀሪካን ከእጅ መታጠቢያው ተነስቶ የኋላው በር ላይ ተሰቀለ። ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ የሚታጠፍ ድንኳን ወጣ፤ ከድንኳኑ ጎን ያ የዳማ ዋጋ የሆነው ሶላር ተዘረጋ፤ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ የበር መዝጊያ የሚያህል። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሁለተኛ ባትሪ፣ ከባትሪው በላይ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር፣ ከኢንቨርተሩ ቀጥሎ ሻንጣ የምታህል ፍሪጅ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ። መብራት የጠፋ ለት ግን ስልኩን እየያዘ ቻርጅ ሊያደርግ ተሰለፈ፤ ኢንቨርተሩ አንድ ጊዜ እንደ ጫጩት ጮሆ ዝም ሲል እንደገና እየሳቀ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ችግሩ ይኸው ነበር። ሶላሩ ባትሪውን መሙላት አለበት፤ አይሞላም። ፀጋው ሳምንቱን የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ የሻረግ ገበያ ውስጥ ባላት ስፌት ቤት ትውላለች። ጠዋት ሲወጡ መኪናውን የጠራ ፀሐይ ላይ አቁመው ይሄዳሉ፤ ማታ ሲመለሱ ባትሪው እንዳደረ ባዶውን ይጠብቃቸዋል። ኮንትሮለር የሚሏት ትንሽ ሣጥን ላይ አራት መብራቶች አሉ፤ ሁሉም አረንጓዴ መሆን ሲገባቸው አንደኛዋ ቀይ ትሆናለች፣ የቀሩት ጭራሽ የሉም። እሑድ እሑድ ደግሞ ፀጋው ራሱ ሽቦውን ሁሉ ፈታትቶ ሲመረምር ስለሚውል የሚሞላ ነገር አይኖርም። የሞባይልና የኤሌክትሪክ ጥገና ያለው ቢሻው ሦስቴ መጥቶ ሦስት ምክንያት ሰጠ፤ መጀመሪያ ባትሪው ነው አለ፣ ቀጥሎ ቻይና ነው አለ፣ በመጨረሻ የእንጅባራ ፀሐይ ራሷ አቅም የላትም አለ። ባትሪው ተለወጠ። ቻይናንና ፀሐይን መለወጥ ግን ከፀጋው አቅም በላይ ሆነ። ከቤት በገመድ እንዳይሞሉት የሰፈሩ መብራት ከሐሙስ ጀምሮ የለም።

ዛሬ ደግሞ ቀኑ ነው። ባሕር ዳር የአስጎብኚ ቢሮ ያላት ሜላት የምትባል ሴት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። እንግዶቿን ሆቴል ትታ መጀመሪያ መኪናውን ራሷ ታየዋለች፤ መብራቱ ከበራ፣ ፍሪጁ ከቀዘቀዘ፣ ዛሬውኑ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያድራሉ፤ የበጋው ሥራም የፀጋው ነው። ካልሆነ ግን እንየው የሚባል ሰው አለ። እንየው ባለ ተሳቢ መኪና ነው፤ ለጅቡቲ መንገድ ሹፌር ይፈልጋል፤ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ስጠኝ ብሏል። የሻረግ ጅቡቲን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ግን እንደ ጣውንት ታውቃታለች። ፀጋው እዚያ መንገድ ላይ ሲመላለስ ልጃቸው ሀይማኖት ጥርስ አወጣች፣ በእግሯ ሄደች፣ ፊደል ቆጠረች፤ አባቷ ይህን ሁሉ የሰማው በስልክ ነው፣ ያውም ኔትወርክ ሲገኝ። አሁን ሀይማኖት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ርቃለች፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት የሻረግና እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው ጅቡቲ ከሄደባት የሌላውን ዝምታ ብቻዋን ልትሸከም ነው። ስፖንጁን፣ መጋረጃውንና ጀሪካኑን አፏን ሳትከፍት የለቀቀችው መኪናውን ወዳ አልነበረም።

«የሻዬ» አለ ፀጋው ከመኪናው ወጥቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ገመዱ ነው። ተኝቼ ሳስበው ነበር። ገመዱ ቀጥኗል። ዳንግላ ወፍራም ገመድ ያለው ሰው አለ፤ በሚኒባስ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ማንኪያዬስ?»

«እንግዳ ሾርባውን በእጁ ይጠጣ?»

«አባትህ ሻያቸውን በቢላዋ ይጠጡ?»

ፀጋው ወደ ግቢው በር አመራ። «መኪናውን እንዳትነኩት፤ ፀሐይ ላይ ይዋል» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ሌላ ቀን ቢሆን የሻረግም ተከትላው ወደ ስፌት ቤቷ ትሄድ ነበር። ዛሬ ግን ለእንግዶቹ የሚሰነቀውን ልታዘጋጅ ቀረች። ሦስት ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ ከግቢው የአማቷን ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው በአዊኛ ያወራሉ። የሻረግ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ እንጅባራ ይህን ያህል ዓመት ኖራም ከአዊኛ አጥርታ የምትሰማው ለፈረስ የሚባለውን ብቻ ነው። ቁም፣ ቀስ፣ አይዞህ፣ ዙር። አሁን የምትሰማው ይህንኑ ነው። ዳማ ተመልሶ መጣ እንዴ ብላ ቢላዋዋን እንደያዘች በመስኮት ብቅ አለች። ፈረስ የለም። አቶ ገበየሁ በርጩማ አስጠግተው፣ ከበርጩማው ወደ ኋላ ጎማ ተሻግረው፣ ያን ባለ ጥልፍ ግላስ ሶላሩ ላይ እያለበሱ ነው። ዳርና ዳሩን ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉ፤ ማሰሪያውን ከፖርቶመጋላው ብረት ጋር ቋጠሩ፤ ወርደው የመኪናውን ጎን ሁለቴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «አይዞህ» አሉት።

የሻረግ ዓይኗ እንባ ሞላው፤ ግማሹ የሽንኩርት ነው። ቀጥሎ ግን በመኪናው መስኮት ያቺን ትንሽ ሣጥን አየች። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባት። ባትሪው አይደለም። ገመዱም አይደለም። ቻይናማ ምን አደረገች።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ወጥታ።

«አለበስኩት» አሉ፤ ይኼም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። «እናንተ በጠዋት ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። ይህን የሚያህል መስታወት ራቁቱን ፀሐይ ሲፈጀው ይውላል። ፈረስ ቢሆን ጥላ ፈልጎ ይሄዳል፤ ይኼ እግር የለው፣ አፍ የለው።»

«ሁልጊዜ ያለብሱታል?»

«ከተሰቀለ ጀምሮ። ስትወጡ አለብሰዋለሁ፤ ልትመጡ ስትሉ ጤዛው ግላሱን እንዳያበሰብሰው አወልቀዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዳማ ዋጋ እኮ ነው። እዚያ ላይ ያለው ዳማ ነው።»

የሻረግ መሳቅም ማልቀስም አማራትና ሁለቱንም ተወችው። ብትነግራቸው ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው ያፍራሉ። ሳትነግራቸው ግላሱን ብታወልቅ መልሰው ያለብሱታል። ለባሏ ብትነግረው ደግሞ የዝምታው ዕድሜ በአንድ ክረምት ይጨምራል። ቆማ ስታወጣ ስታወርድ ፀሐይዋ ግን ለማንም አልቆመችም፤ አሥራ አንድ ሰዓት እየመጣ ነው።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ «ይኼ ነገር እኮ የሚበላው ፀሐይ ነው።»

«ምን?»

«ሶላር ነው። ፀሐይ ካልበላ ባትሪው አይጠግብም።»

«ሶላርማ አውቃለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «ቢሻው ሱቅ የምትሸጠዋ መዳፍ የምታህል ናት። ይኼ መዝጊያ ያህላል። እኔ እንግዶቹ የሚተኙበት የመስታወት አልጋ መስሎኝ። ማን ነገረኝ?»

እውነታቸውን ነው። እዚህ ቤት ወሬ የሚያልፈው በየሻረግ በኩል ብቻ ነው። ፀጋው ይህን ለአባባ ንገሪያቸው አላላት፤ እሳቸውም ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂው አላሏት፤ እሷም የጨውና የሻይ መልእክት ስታመላለስ ይኼኛው እንዳልደረሰ ልብ አላለችም። አቶ ገበየሁ ግላሱን ቀና ብለው እያዩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ…»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሳይበላ ነው የሚውለው?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ አስርበው የማያውቁ ሰው ናቸው። ገብስ በተወደደበት ዓመት ከራሳቸው ቀንሰው ለዳማ የሰፈሩ ናቸው፤ ፈረሱን የሚያስርብ ሰው ያዩ እንደሆነ ሰላምታ ይነፍጉት ነበር። አሁን በርጩማውን መልሰው አስጠጉ። በርጩማው ላይ ሲወጡ የሻረግ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ አላዩዋትም። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ግላሱን ጎትተው አወረዱትና መስታወቱን በጋቢያቸው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት። ቀይዋ መብራት ተመልሳ በራች።

«ስንት ይበላል?»

«እስኪጠግብ።»

«ውሃስ?»

«ውሃ አይፈልግም።»

«ደግ» አሉ። በርጩማውን ከመኪናው በር አጠገብ አድርገው፣ ግላሱን ጭናቸው ላይ አጥፈው፣ ዓይናቸውን ከትንሿ ሣጥን ሳይነቅሉ ተቀመጡ። የሻረግ ወጥ ቤት ተመልሳ ወጧን ጥዳ፣ ድንቹን ቀቅላ፣ እንቁላሉን እየቆጠረች ሳለ ጠሯት።

«የሻረግ፣ ነይማ። ማኘክ ጀመረ።»

ቀይዋ መብራት አረንጓዴ ሆናለች።

እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት አረንጓዴ ሆኑ፤ ፍሪጁም ሲያጉረመርም ተሰማ። ያን ጊዜ ሌላ ጠላት መጣ፤ ጥላ። ጎረቤታቸው እታለማሁ በአጥሯ ጥግ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክላለች፤ ከቀትር በኋላ የዛፎቹ ጥላ ግቢውን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ጥላው የመኪናውን አፍንጫ ሲነካ አቶ ገበየሁ ተነሱ። ፈረስ አንድ ቦታ ግጦ ሲጨርስ ካስማው ይነቀላል እንጂ ሣሩ እስኪያድግ አይጠበቅም። የሻረግ መንዳት አታውቅም፤ ግን ከሹፌር ጋር ኖራ ማርሹን ማላቀቅና መሪ መያዝ ታውቃለች። ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ ገባች፤ ሽማግሌው ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። በአጥሩ ክፍተት ስታይ የቆየችው እታለማሁ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ዛፍሽ ከለከለው» አሉ ሽማግሌው።

«ዛፌን አልቆርጥም፤ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። መግፋት ግን እገፋለሁ።»

ገፉት። መኪናው ከግቢው መሀል ወደ በሩ፣ ጥላው ሲከተል ከበሩ ወደ ውጭ፣ በመጨረሻም በሰፈሩ ፀሐይ የቀረበት ብቸኛ ቦታ ላይ ደረሰ፤ የመንገዱ መካከል። ስንቁን እሳት ላይ የጣደችው የሻረግ ወደ ቤቷ ሮጠች። አቶ ገበየሁ ከዳማ ዘመን የተረፈችውን አለንጋ አስመጥተው መኪናው ፊት ቆሙ። ባጃጆች መጡ፤ ክላክስ ተነፋ።

«አባባ፣ ተበላሽቶባችሁ ነው?» አለ አንዱ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ።

«አልተበላሸም። እየበላ ነው። በዚያ በኩል እለፍ።»

ባለ ባጃጁ የቆሙትን ሽማግሌ፣ የያዙትን አለንጋ፣ ጭራሽ የማይንቀሳቀሰውን ላንድክሩዘር አፈራርቆ አየና በቦዩ ዳር አድርጎ አለፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ምክንያት አልጠየቁም፤ የፊተኛው ሲያልፍ ያዩ ስለሆነ እነሱም አለፉ። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ድሮም በዚያ በኩል የነበረ መሰለ።

ስምንት ሰዓት ላይ የሻረግ መብራቶቹን ልታይ ብቅ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። እጇ ሊጥ ስለነበር እታለማሁ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችላት፤ ሦስቱም መኪናው ጎን ናቸው። ፀጋው ነው፤ ያለከልካል።

«ገመዱን አገኘሁት። ወፍራም ነው፣ የአውራ ጣት ያህላል።»

«ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?»

«በእግሬ ነኛ። ሱቁ ከመናኸሪያው ሩቅ ነው።»

«እዚያ ሁሉ ጋሪ እያለ?»

በስልኩ ውስጥ የዳንግላ ገበያ ጫጫታ፣ ከጫጫታው ውስጥ የፈረስ ኮቴና የጋሪ ጎማ ተሰማ።

«ጋሪ አልይዝም የሻዬ፤ ታውቂያለሽ» አለ። «ከሰኔ ወዲህ ዳንግላ ጋሪ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዳማ የሆነ እንደሆነስ? አንገቱን አዙሮ ቢያየኝ ምን እለዋለሁ?»

የሻረግ ወደ አማቷ አላየችም። እታለማሁ ግን አየች፤ አይታም ዓይኗን ወደ ዲከረንሷ መለሰች። አቶ ገበየሁ ክንዳቸው ላይ ያለውን ግላስ እያገላበጡ አንድ የተፈታ ክር ይፈልጉ ነበር።

«መብራቷስ?» አለ ፀጋው። «እንደዚያው ናት?»

«መጥተህ እያት» ብላ እታለማሁን በክርኗ ነካ አድርጋ አስዘጋችው።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አንድ ባጃጅ መኪናው ፊት ደርሶ ቆመ። «በዚያ በኩል እለፍ፣ እየበላ…» ብለው አለንጋቸውን ያነሱት አቶ ገበየሁ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፀጋው የገመድ ጥቅል እንደ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ወረደ፤ ከኋላው ቢሻው የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ። ፀጋው መኪናውን መንገድ መሀል ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። አትንኩት ብሎ ነበር። በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ ሳይወጣም ቆየ። ትንሿ ሣጥን ላይ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ተደርድረዋል፤ አራተኛዋ ብልጭ ድርግም እያለች ልትከተል ታስባለች።

«ይኼውላችሁ» አለ ቢሻው ከኋላው እያጮለቀ። «ባለፈው ፊውዟን ነካ አድርጌያት ነበር። ጊዜ ትፈልጋለች አላልኩም?»

«አላልክም» አለች እታለማሁ።

ፀጋው ከመኪናው ወጥቶ አንዴ ገመዱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ያን ጊዜ አቶ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«ለባልሽ ንገሪው» አሉ። «ያስራብኩት እኔ ነኝ በይው። ፀሐይ እንዳይጎዳው ብዬ ግላሱን አለብሰው ነበር፤ ከተሰቀለ ጀምሮ። ማንም ጥፋት የለበትም በይው።»

የሻረግ ከሰኔ እስከ ዛሬ ያላስተላለፈችው መልእክት አልነበረም። ይኼኛውን ግን አላስተላለፈችም። «እዚሁ ቆሟል እኮ፣ አባባ» አለችና አፏን ዘጋች። ፍሪጁ ያጉረመርማል። ፀጋው የለወጠውን ባትሪ፣ ያጣውን እንቅልፍ፣ አሁን ደግሞ አንገቱ ላይ የከበደውን ገመድ እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። የሻረግ ሊቆጣ ነው ብላ ፈራች፤ ለካ ሳቅ እያፈነ ኖሯል። ነገር ግን ሳቁም ቃሉም ከአፉ ሳይወጣ ነጭ መኪና ከማዶ መጥቶ ቆመና ሜላት ወረደች።

ሜላት ለሰላምታ ጊዜ የምትሰጥ፣ ለዕቃ ግን የማትራራ ሴት ናት። ሽማግሌውን ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፤ ቀጥሎ መኪናው ውስጥ ገብታ ያልነካችው የለም። መብራቶቹን አበራች፣ አጠፋች፣ መልሳ አበራች። ስልኳን ኢንቨርተሩ ላይ ሰካች፤ ያ የጫጩት ጩኸት አልመጣም። ስፖንጁ ላይ ተቀምጣ ዘለል ዘለል አለች። የሳሎኑን መጋረጃ ስባ «አበባው ደስ ይላል» አለች። ፍሪጁን ስትከፍት ከቀዘቀዘው ውሃ ጎን አንድ ቅል እርጎ አገኘች። ፀጋው አያውቀውም፤ የሻረግም አታውቀውም።

«ይኼም ከቁርሱ ጋር ነው?» አለች።

«አዎ» አለች እታለማሁ ከመንገድ ዳር። «የአካባቢ ነው።» ለየሻረግ ደግሞ ቀስ ብላ «ለገፋሁበት ላቀዝቅዝ ብዬ ነው የከተትኩት፤ ዝም በይ» አለቻት።

በመጨረሻ ሜላት መሳቢያውን ሳበችና ማንኪያዎቹ ተሰልፈው ሲያዩዋት ሳቀች። «ማንኪያ እንኳ አልረሳችሁም። ሌላ ቦታ ሁልጊዜ የሚረሱት እሱን ነው።» የሻረግ በጥርሷ ፈገግ አለች። ሜላት ስልኳን ከኢንቨርተሩ ነቅላ ሆቴል ደወለችና «ልንመጣ ነው፣ ተዘጋጁ» አለች። ከዚያ ወደ ፀጋው ዞራ፣ «ጋሽ ፀጋው፣ እስከ ጥምቀት ያሉትን ቅዳሜና እሑድ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ» አለችው።

ስንቁ ሲጫን የፀጋው ስልክ ኮፈኑ ላይ ሆኖ ጠራ። የሻረግ ስሙን አየች፤ አነሳችው። «አቤት፣ እንየው። ፀጋው ሥራ ላይ ነው። ዘንገና። ምን ይጭናል? ሰው ይጭናላ። አይ፣ ሰኞም አይመቸውም። ደህና ሁን።» ከዘጋችው በኋላ ስልኩን በቀሚሷ ወለወለችው፤ ምንም ሳይነካው።

ፀጋው መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነሳ። ሜላት በራሷ መኪና ፊት ፊት ወጥታለች። አቶ ገበየሁ አለንጋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ሹፌሩ መስኮት ጠጋ አሉ። የሻረግ መልእክት የምትቀበል መስሏት ከልማዷ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን ወደ እሷ አልዞሩም።

«ቀስ ብለህ ንዳው» አሉት ልጃቸውን። «ሆዱ ሞልቷል።»

ፀጋው መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን አየ። «እሺ፣ አባባ።» ሊሄድ ማርሹን ነካና ተወው። «ዘንገና ማታ ይበርዳል» አለ። «ግላሱን ይስጡኝ፤ ሲመሽ ላልብሰው።»

ሽማግሌው ግላሱን ቶሎ አልሰጡም። መጀመሪያ አራግፈው፣ ጥልፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጥፈው፣ በመስኮቱ አስገቡለት። «ሲነጋ ግን…»

«ሲነጋ ገልጬ አበላዋለሁ።»

ላንድክሩዘሩ እየተንገዳገደ ወረደ፤ ባጃጆቹ መንገዱ ተከፍቶም ከልማድ በቦዩ ዳር ሲያልፉ ቆዩ። የሻረግ ወደ ቤት ስትገባ ቤቱ ሰፊ ሆኖ ጠበቃት፤ መጋረጃ የለም፣ ስፖንጅ የለም፣ እጅ መታጠቢያው ያለ ጀሪካን ግድግዳውን ያያል። ለአማቷ ሻይ ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ እጇን ወደ መሳቢያው ቦታ ሰድዳ አየር ጨበጠች። በቢላዋዋ እጀታ አማስላ ሰጠቻቸው። አቶ ገበየሁ ቢላዋውን አዩ፣ ሻዩን አዩ፣ ፉት አሉ።

«ለባልሽ ንገሪው» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ተይው። ነገ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ።»